የሰሌን ወንዝ ግዳይ

በአንድ ወቅት፣ ዝናብ ሁለት ክረምት ደጋውን ረስቶት ባለፈበት ዘመን፣ የጽድ አፋፍ ሰዎች ሦስት አዳኞች ወደ ቆላ ሰደዱ። አዳኞቹም ቀናቸው፤ አጋዘን ጣሉ። ጣጣው የመጣው ከቀናቸው በኋላ ነው።

ጽድ አፋፍ ሠላሳ ጎጆ የማትሞላ መንደር ናት። ከኋላዋ ሜዳ፣ ከፊቷ ገደል። ገደሉን ግማሽ ቀን ሲወርዱት ሙቀቱ ፊት የሚገርፍ ቆላ ያገኛሉ፤ በቆላው መሀል የሰሌን ወንዝ ያልፋል። በደህናው ዘመን መንደርተኛው ወደዚያ የሚወርደው ለማርና ለእንጨት ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ጎተራው ተጠርጓል፣ የእርሻው በሬ ታርዶ ተበልቷል፣ ሰዉ ሥራሥር እየቆፈረ መቀቀል ጀምሯል።

መንደሯ ከጥንት የወረሰችው የአደን ሕግ ነበራት። ሕጉን የሚያስከብር አንድ ሰው ይሾማል፤ የአደን አባት ይሉታል። ቆላው መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚወስን እሱ ነው። የመንደሩን ብቸኛ ጠመንጃ፣ አንዲት አሮጌ ውጅግራ፣ የሚያስቀምጥ እሱ ነው። ሥጋ ሲመጣም በየጎጆው በነፍስ ወከፍ ቆጥሮ የሚያካፍል እሱ ነው። የመጨረሻው የአደን አባት አያ ዳምጤ ይባሉ ነበር። ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ ወንበራቸውም ባዶውን ቀረ። ባለፈው በጋ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ድኩላ ጭን ተጣልተው አንደኛው በምሳር ተመትቶ ዓይኑን ያጣው ወንበሩ ባዶ ስለነበር ነው።

ወደ ቆላ የተላኩት ሦስቱ የአያ ዳምጤ ቤተሰብ ናቸው። ትልቁ ልጃቸው ጓንጉል እጁ የማይናወጥ ተኳሽ ነው። ታናሹ እንየው ዱካ ያነባል፤ ትናንት ያለፈ አውሬ ዛሬ የት እንደሚያድር ከድንጋይ ላይ ያውቃል ይሉታል። ሦስተኛው ልየው የእህታቸው የአንጓች ባል ነው፤ ከሩቅ አገር፣ ከትልቅ ወንዝ ዳር መጥቶ ያገባ፣ ዝምተኛና ጠንካራ ሰው። አንጓች ከወለደች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። ጡቷ ደርቆባት፣ ልጁ ማልቀሱን እንኳ እየተወ መጥቷል። ልየው ሊወጣ ሲል ከመደቧ ሳትነሳ፣ «ባዶ እጅህንም ቢሆን ና» አለችው።

የመንደሩ ሽማግሌ ግራዝማች ታፈረ ከሾላው ሥር ጠመንጃውንና ሁለት ጥይት ለጓንጉል ሰጡ።

«ያለን ይኸው ነው» አሉ። «ወንበሩ እንደ ባዶ መቅረት የለበትም። የዚህ አደን ባለግዳይ ቀንዱን ይወስዳል፤ ጠመንጃውንም ወንበሩንም ይረከባል። ማን እንደሆነ እርስ በርሳችሁ ተስማምታችሁ አንድ ስም ይዛችሁ ኑ።»

«ሕጉ ያው ነው?» አለ ጓንጉል።

«ያው ነው። ግዳይ ደም ላስቀደመ።»

መጀመሪያ ያቆሰለ ሰው፣ ሌላው ቢጨርሰው እንኳ፣ አውሬው የእሱ ነው ማለታቸው ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማያነሳው ሌላ ሕግ አለ፤ አውሬው ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ በቢላዋ ካልተባረከ ሥጋው በክት ነው። በክት ደግሞ ረሃብ ቢገድልም አይበላም።

እንየው የግራዝማችን ቃል ሲሰማ ቀና ብሎ ወንድሙን አየው። ጠመንጃውን ማን እንደሚይዝ የጠየቀ የለም፤ ተኳሹ ጓንጉል ነው። ተኳሽ ደግሞ ደም ያስቀድማል። እንየው ወንበሩን አይፈልግም ነበር ቢባል ሐሰት ነው። አባቱ በጉልበቱ እያስኬዱ የዱካን ፊደል ያስቆጠሩት እሱን እንጂ ጓንጉልን አልነበረም። ይህን ግን ለማንም ተናግሮት አያውቅም።

በመጀመሪያው ቀን ቆላውን ሲያስሱ ውለው ከቆቅ በቀር የተንቀሳቀሰ ነገር አላዩም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሰሌን ወንዝ ዳር ደረሱ። ወንዙ የለም፤ ያለው ነጭ ድንጋይና የተሰነጠቀ ጭቃ ነው። ጓንጉል የውሃውን ቅል አንስቶ ነቀነቀው።

«ይህ ለመመለሻችን ብቻ ይበቃል» አለ። «እንመለስ።»

ልየው ፊቱን ወደ ደጋው አዙሮ ቆሞ ነበር። ከሩቅ፣ ከተራሮቹ ጀርባ፣ ጠቆር ያለ ደመና ተከምሯል።

«ይህን ወንዝ ደረቅ ነው ብላችሁ አትመኑት» አለ። «ላይ አገር ከዘነበ እኛ ሳንሰማ ይመጣል።»

እንየው ጎንበስ ብሎ የወንዙን ጭቃ ሲመረምር ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ተንበረከከ። ሁለት የተከፈለ ሰኮና፣ ጫፉ ወደ ማዶ ያቀና። የዱካው ጠርዝ አልተናደም፤ ውስጡ በጣት ሲነካ ገና ይቀዘቅዛል።

«አውራ አጋዘን ነው» አለ። «ብቻውን ነው። ዛሬ ጠዋት ነው ያለፈው።»

«ማዶ ተሻግረን ውሃ ቢመጣብንስ?» አለ ልየው።

«ትቼው ብመለስ ልጅህ ምን ይበላል?»

ይህን ብሎ ማንንም ሳይጠብቅ ድንጋዩን እየረገጠ ወደ ማዶ ተሻገረ። ሁለቱ ተያዩ፤ ተከተሉት። ኋላ ሰዎች በዚህ ሁለት ዓይነት ይናገሩ ነበር። ግማሹ፣ ያን ጊዜ ባይሻገር አንድም ሰው ሥጋ አይቀምስም ነበር ይላል። ሌላው፣ ሦስት ነፍስ ለእንስሳ አስይዞ ነበር ይላል።

ዱካው ከወንዙ ርቆ፣ በግራሩ መሀል አልፎ፣ ገደል ወደ ተደገፈ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ወሰዳቸው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እንየው እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። ከፊታቸው፣ ድንጋይ ቢወረወር ከማይደርስበት ርቀት፣ ከግራር ጥላ ሥር አንድ ነገር ጆሮውን አራገበ። ቀስ በቀስ ቅርጹ ወጣ። መጀመሪያ እንደ ጠመዝማዛ ግንድ የተጠማዘዘው ቀንድ፣ ቀጥሎ በጎኑ ላይ የወረዱት ነጫጭ መስመሮች፣ ከዚያ የአንገቱ ጎፈር። ረሃቡ ለእሱም አልቀረለትም፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ቢሆንም ትልቅ ነበር።

ጓንጉል ተንበርክኮ አነጣጠረና ሳበ። ጠመንጃው ጠቅ ብሎ ቀረ፤ ጥይቱ ከሽፎ ነበር።

አጋዘኑ ራሱን ቀና አደረገ። ጓንጉል ግን አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑን ከአውሬው ሳያነሳ በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ጠመንጃውን ከፈተ፣ የከሸፈውን አወጣ፣ የመጨረሻውን አጎረሰ። ነፋሱ ዞሮ የሰው ጠረን ሲወስድለት አውሬው ሊሸሽ ዘወር አለ። የሚታየው በሁለት ግንድ መካከል ያለች፣ ከመዳፍ ብዙም የማትሰፋ ጎኑ ብቻ ነበረች። ሌላ ሰው ቢሆን ይቸኩል ነበር፤ ወይም ይተወው ነበር። ጓንጉል አንድ ትንፋሽ ጠብቆ ተኮሰ።

አጋዘኑ ከመሬት ተነሥቶ ዘለለና በቁጥቋጦው ውስጥ ጠፋ። ከቆመበት ሣር ላይ ደም ነበር፤ አረፋ የደፈቀ፣ ደማቅ ደም።

«ሳንባው ነው» አለ ጓንጉል። «ሩቅ አይሄድም።»

«ሩቅ አለመሄዱ አይደለም ጭንቁ» አለ እንየው። «ቢላዋ ሳይደርስለት ከሞተ የለፋነው ለአሞራ ነው።»

እየሮጠ ተከተለው። ሣሩ ባለቀበት የድንጋይ መሬት ጀመረ፤ ደሙም ጠፋ። ሁለቱ ቆመው ዙሪያቸውን ሲያዩ እንየው አልቆመም። አንዲት የተገለበጠች ጠጠር አየ፤ ሆዷ ገና እርጥብ ነው። ወዲያ ማዶ የሸረሪት ድር ተበጥሶ ይወዛወዛል። ቀጥሎ አንድ ዐለት ላይ ጉንዳን ተሰብስቧል፤ ከጉንዳኑ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል ደም አለች። ሮጠ፣ ቆመ፣ አሸተተ፣ ሮጠ። እነዚያ ከኋላ ቀሩ፤ ጦር የያዘው ልየው በቅርብ፣ ጠመንጃ የያዘው ጓንጉል በሩቅ።

አጋዘኑን ገደሉ መውጫ በከለከለው ጥግ ላይ አገኘው። ቆሟል። ራሱን ዝቅ አድርጎ ይተነፍሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ካፍንጫው ደም ይወርዳል። እንየው ቢላዋውን አወጣ። ሰው እስኪመጣ መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል፤ የቆሰለ አውራ አጋዘን ሰው እንደሚገድል ከአባቱ ሰምቷል። ነገር ግን የአውሬው ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየ። ከወደቀ አይነሣም፤ ሰው እስኪደርስም ነፍሱ አትጠብቅም። ገባ።

አጋዘኑ የመጨረሻ ኃይሉን ሰብስቦ መጣበት። እንየው ትዝ የሚለው የአንድ ነገር ስብራት ድምፅ ብቻ ነው፤ የራሱ ትከሻ ነበር። በጀርባው ወድቆ፣ ሁለቱ ቀንዶች ግራና ቀኙን መሬት ወግተው፣ የአውሬው ትኩስ ትንፋሽ ፊቱ ላይ ሆነ። ራሱን ቀና አድርጎ ዳግመኛ ቢወጋው ጫፉ ደረቱን ያገኘዋል። ራሱንም ቀና ሊያደርግ ጀምሮ ነበር።

ያን ጊዜ ልየው ደረሰ። ጦሩን ጥሎ ሁለቱን ቀንዶች በእጁ ያዘ፤ ጦር ቢወረውር እንየውን ያገኘው ነበር። እግሩን ዐለት ላይ ደግፎ አንገቱን ጠመዘዘው። ሰውየውና አውሬው አብረው ወደቁ።

«እጄ ተይዟል» አለ ልየው ጥርሱን ነክሶ። «አንተ ባርከው። ቶሎ በል።»

የእንየው ቀኝ እጅ አልታዘዝ አለው። ቢላዋውን በግራው ፈልጎ አነሣ፣ በደረቱ እየተሳበ ደረሰ፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብሎ ጉሮሮውን አረደ። ደሙ በኃይል ፈንጥቆ ወጣ፤ ልቡ ገና ይመታ ነበር። በክት አልሆነም።

ጓንጉል እያለከለከ ደረሰ። ሦስቱንም አያቸው፤ አጋዘኑን፣ ወንድሙን፣ አማቹን። ከዚያ ጎንበስ አለና ጣቱን ጥይቷ በገባችበት ቁስል ነክሮ፣ እንደ ባለግዳይ ወግ፣ ግንባሩን ቀባ። እንየው ይህን አይቶ ፊቱን አዞረ። ልየውም ጀርባውን ሰጥቶ ቢላዋውን ድንጋይ ላይ ይስል ጀመር።

ገፈው፣ ሥጋውን ቆራርጠው ሲጨርሱ ዝንቡ ፊት አላሳይ ብሎ ነበር፤ ጥንብ አንሣውም ከገደሉ ላይ ተደርድሯል። የሚችሉትን ሥጋ በአራት እስር አሰሩ። ጓንጉል ከሁሉ በፊት ጭንቅላቱን ከነቀንዱና ቆዳውን ለብቻ አስቀመጠ፤ የባለግዳይ ድርሻ ነውና። ሁለቱ ጤነኞች እየተመላለሱ ሸክሙን ወደ ወንዙ አቀረቡ። እንየው ትከሻውን በነጠላው አስሮ ተከተላቸው።

ወንዙ ጋ ሳይደርሱ ነፋስ የሚመስል ድምፅ ሰሙ። ልየው ቆመ።

«መጣ» አለ።

ጠዋት በደረቅ ድንጋይ የተሻገሩት ቦታ ላይ ቀይ ውሃ ግንድ እየገለበጠ ይወርዳል። ሁለት ዓመት የተለመነው ዝናብ ደጋው ላይ ዘንቧል። ወገብ ያህል ይሆናል፤ እያዩት ደግሞ ይወጣል። የአገራቸው መንገድ ማዶ ነው። ቆመው ቢጠብቁ ውሃው ምናልባት በሦስት ቀን ይጎድላል፤ ሥጋው ግን በዚያ ሙቀት ከነገ አያልፍም። የእንየው ትከሻ አብጦ ሰውነቱ መቃጠል ጀምሯል። አንጓች ደግሞ ቤት አለች።

«ገመድ ያስፈልገኛል» አለ ልየው።

«ከየት ይመጣል?» አለ ጓንጉል።

ልየው ወደ ቆዳው ሄዶ ዘረጋው።

«ቆዳውን አትንካ» አለ ጓንጉል። «ግዳይ የሚቆጠረው ሙሉ ሲሆን ነው። አባቴ የተቀዳደደ ቆዳ ይዘው ገብተው አያውቁም።»

«አባትህ እዚህ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እጅህን አንሣ አልኩህ።»

ልየው ቢላዋውን ከቆዳው ጠርዝ አስገባ። ጓንጉል የእጁን አንጓ ያዘው። እንየው ከተቀመጠበት ሊነሣ ሞከረ፤ ወንድሙ አማቹን የሚመታው መስሎት ነበር። ከዚያ የሚሆነውንም አየው፤ አንዱ ባለቢላዋ፣ አንዱ ጠመንጃውን እንደ ዱላ የያዘ፣ መሀላቸው ሥጋ። ባለፈው በጋ ዓይን የጠፋው በዚህ ዓይነት ነው። ልየው እጁን ለማስለቀቅ አልታገለም። ብቻ ቀና ብሎ አየው። ውሃው አንድ ትልቅ ግንድ ከዐለት ጋር አላትሞ አለፈ።

ጓንጉል ለቀቀው። ቆየና ደግሞ ተንበርክኮ፣ ለመቁረጥ እንዲመች የቆዳውን ጠርዝ ወጥሮ ያዘለት።

ልየው ከዳር ጀምሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እያዞረ፣ ሁለት ጣት ስፋት እያለው፣ ሳይበጥስ እስከ መሀሉ ቆረጠው። ረጅም ጠፍር ወጣው። አንዱን ጫፍ ወገቡ ላይ አስሮ፣ ከወንዙ ጋር ግብግብ ሳይገጥም በሰያፍ ወደ ታች ዋኘ፤ ውሃው አጋድሞ ወሰደው፣ ማዶ ካለች የሰሌን ዛፍ ሥር ወጣ። ጠፍሩን ከግንዷ አሰረ። በዚህኛው በኩል ማሰሪያ ዛፍ አልነበረም። ጓንጉል ጠፍሩን በወገቡና በቀኝ እጁ ጠምጥሞ፣ እግሩን ከዐለት ደግፎ ተቀመጠ። ዋና አይችልም፤ ውሃ ከልጅነቱ ይፈራል። ይህን እንየው ያውቃል።

ልየው ጠፍሩን ይዞ ተመላለሰ። አንዱን እስር በትከሻው አሻገረ፤ ሁለተኛውን አሻገረ። በሦስተኛው ላይ ግንድ መጥቶ ጠፍሩን መታው። ጓንጉል ከዐለቱ ጋር ተላተመ፤ ጠፍሩ በጣቶቹ ላይ ተሳበ። እርጥብ ጠፍር እንደ ቢላዋ ነው። ልየው ውሃ ውስጥ ገባ፣ ወጣ፤ ሥጋው ከትከሻው ተወሰደ። ጠፍሩ ግን አልተለቀቀም። እንየው ከወንድሙ መዳፍ ደም በክርኑ ሲወርድ አየ፤ ሊያግዘው በግራ እጁ ያዘለት። ጓንጉል፣ «ተወው፣ ከያዝከው ይላላብኛል» አለው። ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር።

አራተኛው እስር ከነጠመንጃው ተሻገረ። ቀጥሎ ልየው እንየውን በጀርባው አዝሎ አሻገረው። ጓንጉል ብቻውን ቀረ። ከኋላው ገደል፣ ከእግሩ ሥር ውሃ፤ ተቀምጦበት የነበረው ዐለት ግማሹ ተውጧል። የጠፍሩን ጫፍ ወገቡ ላይ አሰረ። ከዚያ ጭንቅላቱን ከነቀንዱ አንሥቶ ጀርባው ላይ ጫነ።

«ጣለው» አለ ልየው ከማዶ። «ብቻህን ና።»

ጓንጉል ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ አልታወቀም። ገባ። ውሃው ወዲያው ሰወረው። ከላይ የሚታየው ቀንዱ ብቻ ሆነ፤ አጋዘኑ ከሞት ተነሥቶ የሚዋኝ ይመስል ነበር። ልየው ጠፍሩን በትከሻው አድርጎ ወደ ኋላው እየተራመደ ሳበ። እንየው ባንድ እጁ ተጋገዘው። ቀንዱ ጠለቀ፤ ወጣ፤ እንደገና ጠለቀና ቆየ። እንየው በልቡ መቁጠር ጀመረ፤ ቁጥሩ ግን ጠፋበት። ሲወጣ ሰውየው ከሥሩ ነበረ።

ጓንጉል አሸዋው ላይ ተደፍቶ ውሃ ተፋ። ቀኝ እጁን ሲገልጡት የሁለት ጣቶቹ ጅማት ተበጥሷል፤ ከእነዚህ አንዷ የጠመንጃውን ምላጭ የምትስበዋ ናት። ከዚያ ወዲያ እነዚያ ጣቶች ታጥፈው አያውቁም።

በማግስቱ ከሰዓት በዝናብ እየተደበደቡ ጽድ አፋፍ ገቡ። ሥጋውን ግራዝማች ራሳቸው ቆመው አካፈሉት፤ ለሠላሳ ጎጆ ትንሽ ነበር፣ ግን ለሁሉም ደረሰ። አንጓች መረቅ ጠጣች። በሦስተኛው ቀን ወተቷ ወረደ፤ የልጁ ለቅሶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ይሰማ ጀመር። በዚያ ሳምንት ከመንደሩ አንድም ሰው አልሞተም።

የቀረው የወንበሩ ነገር ነው። ዝናቡ መጥቷል፤ እህሉ እስኪደርስ ግን አራት ወር አለ። ያን አራት ወር መንደሩን የሚያኖረው ቆላው ነው። የሚከፍትና የሚያካፍል ከሌለ ደግሞ ምሳር ከየቤቱ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። ቀንዱ መሀል ላይ ተቀመጠ። ግራዝማች ስም ጠየቁ። ሦስቱ የተስማሙበት ስም አልነበራቸውም፤ ገደሉን ሲወጡ ሌላ ሌላውን ሲያወሩ ይህን አንዳቸውም አላነሡትም ነበር።

«እንግዲያው ተናገሩ» አሉ ግራዝማች።

«ሕጉ ደም ላስቀደመ ይላል» አለ ጓንጉል። «ያስቀደምኩ እኔ ነኝ። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«ሁለት ጊዜ ከዱካው በቀር አልነበረንም» አለ እንየው። «ሁለት ጊዜም አግኝቼዋለሁ። የተበላው በእኔ ቢላዋ የተባረከው ነው።»

«እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም» አለ ልየው። «ልጄ ግን የዚህ አገር ሰው ነው። የበላችሁትን ያሻገርኩላችሁ እኔ ነኝ።»

ሸንጎው ተከፈለ። አንድ ሽማግሌ፣ «ደም ያስቀደመን ከነሣን፣ ነገ ጥይቱን ለመንደሩ የሚያወጣ አይኖርም» አሉ። ሌላው፣ «ያልተገኘ ግዳይ ምን ግዳይ ነው? በክት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንከራከረው በምን ነበር?» አሉ። አንዲት መበለት ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ፣ «እኔ የማውቀው ከድስቴ የገባውን ነው፤ ማዶ የቀረ ሥጋ አያጠግበኝም» አለች። የልየው ስም ሲነሣ ደግሞ፣ «ሁለቱ ልጆቻችን ትከሻና ጣት ከፍለዋል፤ እሱ ምን ጎደለበት? ቆዳውንም ያበላሸው እሱ ነው» ያሉ ነበሩ። «ራሱ ሊሰጥም ሲል ቀንዱን ያልጣለ ሰው ለወንበር ሲል ምን አይሠራም?» ብለው ስለ ጓንጉል የጠየቁም ነበሩ። «ጠፍሩንስ ማን ያዘው?» ተባሉ።

ግራዝማች በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ።

«ራሳችሁን ትታችሁ ፍረዱ። ጓንጉል፣ አንተ ባትኖርበት ለማን ትሰጣለህ?»

ጓንጉል የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ፣ «ለእንየው» አለ። «እኔ ያቆሰልኩት አውሬ ነው። ሥጋ ያደረገው እሱ ነው።»

«እንየውስ?»

እንየው ወንድሙን አየው። የሚታጠፉትንና የማይታጠፉትን ጣቶች አየ። ስሙን ሊጠራለት አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ወዲያው ግን ሁለት ቀንድ ግራና ቀኙን መሬት ወግቶ፣ ያ ትኩስ ትንፋሽ ፊቱ ላይ ሆኖ ታየው።

«ለልየው» አለ። «እኔ በሕይወት የተቀመጥኩት በእሱ ነው።»

ጓንጉል አንገቱን ደፋ። ሰዉ ሁሉ ወደ ልየው ዞረ።

«ለጓንጉል» አለ ልየው።

ማጉረምረም ተነሣ። ልየው እስኪበርድ ጠበቀ።

«ሕጋችሁ ደም ላስቀደመ ይላል። ዛሬ ለእኔ ተብሎ ከፈረሰ ነገ በእኔ ላይ ይፈርሳል። መጤ ሰው ነኝ፤ ከሕግ በቀር ዘመድ የለኝም።»

ግራዝማች ቀንዱን አነሡ፤ እንደ ያዙት ቆሙ። ሦስቱ ከፊታቸው ተደርድረዋል። አንዱ ትከሻው የታሰረ፣ አንዱ እጁ የታሰረ፣ አንዱ ምንም ያልሆነ። ሰዉ ይጠብቃል፤ ቆላውን የሚከፍት ከሳምንት በፊት መገኘት አለበት።

እንግዲህ የምትሰሙ ሁሉ፣ ግራዝማች ያልቻሉት ለእናንተ ተላልፏል። አንድ ጥይት ቀርቶት ደም ያስቀደመው፣ ጣቶቹ ሲቆረጡ ጠፍሩን ያልለቀቀው ጓንጉል ነውን? ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶበት በወደቀበት የባረከው እንየው ነውን? ወይስ ቀንዱን በእጁ ይዞ ሰው ያዳነው፣ ቆዳውን ቀዶ ሥጋውንም ሰዉንም ለአገሩ ያበቃው ልየው? ቀንዱን ወስዶ ከወንበሩ ሊቀመጥ የሚገባው ማን ነው?